ከመንጠቆው በፊት ውሃውን ማንበብ
ለጀማሪ ዓሣ አጥማጅ ከያዮ ወንዞች የሚገኝ ትምህርት

የማያውቀው ውሃ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ይቸኩላል። ክሩን ይፈታል፣ ትሉን ይሰካል፣ ጥልቅ ወደመሰለው የወንዙ መሃል ይወረውርና ዕድሉን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ረፋዱ ያልፋል፣ ቀትር ይሆናል፤ ክሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ “ይህ ውሃ ዓሣ የለውም” ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓሣው ነበረ። መንጠቆው ያረፈው ዓሣ በማይውልበት ስፍራ ነው።

ወንዝም ሆነ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በዓሣ የተሞላ አይደለም። ዓሣ የሚውለው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ እነዚያ ቦታዎች ደግሞ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታይ ምልክት አላቸው። ምልክቶቹን አንድ ጊዜ የለየ ሰው የትም አገር ቢሄድ አዲስ ውሃ አያደናግረውም። ለመማሪያ የመረጥነው የኢሉ አባ ቦራዋን ያዮና በደኗ መሃል የሚፈሰውን ገባ ወንዝን ነው።

ወንዙና ደኑ

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ሕዝቧ በዋናነት የሚተዳደረው በቡናና በማር ነው። በዙሪያዋ ያለው ደን የአረቢካ ቡና ዛሬም በዱር የሚበቅልበት በመሆኑ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ስፋቱም 167,021 ሄክታር ነው። ገባ ይህን ደን ሰንጥቆ ያልፋል። ዶጊ፣ ሳኪና ሴሴም በዚሁ ደን ውስጥ ይፈሳሉ። ወደ መቱ አቅጣጫ ደግሞ በፏፏቴው የሚታወቀው ሶር አለ፤ እሱም የገባ ገባር ነው። ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም በጋምቤላ አልፎ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል።

ይህን መንገድ ማወቅ ለአጥማጅ ይጠቅማል። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ በዓሣ ዝርያ ብዛት ከአገራችን ተፋሰሶች ሁሉ የሚቀድም ሲሆን ከ100 በላይ ዝርያዎች ይገኙበታል። ሆኖም ሁሉም በአንድ ቦታ አይኖሩም። ቆላው ጋምቤላ ላይ ባሮ ሰፊ፣ ሙቅና ዝግ ያለ ነው፤ እዚያ ናይል ፐርች፣ ቆረሶና አምባዛ ይገኛሉ። ላይ ወደ ያዮና መቱ ሲወጣ ወንዙ ጠባብ፣ ፈጣንና ቀዝቃዛ ይሆናል። በዚህ ከፍታ ጀማሪው በዋናነት የሚያገኘው ላቤኦባርበስ የሚባለውን የባርበስ ወገን ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የመጀመሪያው ጥያቄ “ይህ ውሃ በየትኛው ከፍታ ላይ ነው? ፈጣን ነው ወይስ ዝግተኛ?” የሚል ይሁን። መልሱ ምን ዓይነት ዓሣ እንደምትጠብቁ ግማሹን ይነግራችኋል።

ዓሣ የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች

የዚህ ሁሉ ትምህርት መሠረት አንድ ሐሳብ ነው። ዓሣ ምግብና ዕረፍት ይፈልጋል። ምግብ የሚያመጣለት የሚሮጠው ውሃ ነው፤ በሚሮጠው ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ቢውል ግን ካገኘው ምግብ ይልቅ የሚያወጣው ጉልበት ይበልጣል። ስለዚህ የሚቆመው ፈጣኑና ዝግ ያለው ውሃ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው። ገላውን በጸጥታው ውስጥ ያሳርፋል፤ ምግብ ሲያልፍ ብቅ ብሎ ይቀልብና ይመለሳል። ነፋስ ባየለበት ቀን ሰው ከግድግዳ ኋላ ተጠልሎ መንገዱን እንደሚመለከት ማለት ነው።

ይህ ለባርበስ ብቻ የተሰጠ ጠባይ አይደለም። በሚኒሶታ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን በዚያ አገር ሐይቆች ባስና ዎልአይ የሚባሉ ዓሦች ያጠምዳሉ። ዎልአይ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚያ ግዛት መለያ ዓሣ ነው። ዓይኑ ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በድንግዝግዝ ጥሩ ያያል፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅና ሳትወጣ ከጥልቁ ወደ ዳር ተጠግቶ ትናንሽ ዓሦችን ያድናል። ባስ ደግሞ ከወደቀ ግንድ፣ ከሣር ወይም ከድልድይ እግር ሥር አድፍጦ ይጠብቃል። አንዱ ብርሃንን፣ ሌላው መደበቂያን ተከትሎ ቦታውን ይመርጣል እንጂ ሁለቱም የሚውሉት በዳርቻ ላይ ነው፤ ጥልቁና ጥልቀት የሌለው፣ ሣሩና ገላጣው፣ ጨለማውና ብርሃኑ በሚገናኙበት። እዚያ ሐይቅ ዳር የሚሠራው ዘዴ ገባ ዳርም የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስት ምልክቶች

ውሃው ዳር ስትደርሱ ዕቃችሁን አስቀምጡና ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ወንዙን ብቻ ተመልከቱ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ኮቴያችሁንም ቀለል አድርጉ፤ ዓሣ የመሬትን ንዝረት ይሰማል። ከዚያ የሚከተሉትን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋይ ነው። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል፤ አጥማጅም ጆሮውን ወደዚያ ጩኸት ማዘንበል አለበት። ሙከራው ቀላል ነው። ከድንጋዩ በላይ በኩል ደረቅ ቅጠል ጣሉና በዓይናችሁ ተከተሉት። ቅጠሉ እየፈጠነ ይመጣል፣ በድንጋዩ ጎን ሸርተት ብሎ ያልፋል። ከድንጋዩ በታች ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይሰበራል፤ ዞር ይላል፣ ያመነታል፣ አንዳንዴም ሽቅብ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ቅጠሉ ያመነታበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። ከላይ እየተጠረገ የሚመጣው ትልና ነፍሳትም በዚያው መንገድ ሄዶ እዚያው ይዘገያልና፣ ዓሣው የሚጠብቀው እዚያ ነው። ትላችሁን ከድንጋዩ በላይ ጥላችሁ ውሃው ራሱ ወደዚያ እንዲያደርሰው ፍቀዱለት።

ሁለተኛው የወንዙ መታጠፊያ ነው። ወንዝ ሲታጠፍ በውጪው በኩል መሬቱን እየቦረቦረ ጥልቅ ያደርጋል፤ በውስጠኛው በኩል ደግሞ አሸዋና ጠጠር ያስቀምጣል። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ዓሣው በውጪው ጥልቅ፣ ከተቦረቦረው ዳር ሥር ይጠለላል። ሲመሻሽ ለመብላት ወደ ጠጠሩ ጠርዝ ይወጣል።

ሦስተኛው የሁለት ወንዞች መገናኛ ነው። ትንሽ ጅረት ትልቁ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ የውሃው ቀለምና ሙቀትም ይለያያል። ሁለቱ ውሃዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበትን መስመር ብታዩ፣ መንጠቋችሁ የሚያርፈው በዚያ መስመር ላይ ይሁን።

አራተኛው ውሃው ላይ ያዘነበለ ዛፍ ነው። በያዮ ደን ውስጥ ይህ ምልክት ብዙ ነው። ሾላውና ዶቅማው ከወንዙ በላይ ተዘርግተው ጥላ ይሰጣሉ፤ ፍሬ፣ አባጨጓሬና ጉንዳን ከላይ ይጥላሉ። ሥራቸው ደግሞ ከውሃው ሥር ዋሻ ይሠራል። ከዛፍ ሥር ጠብ የሚል ድምፅ ደጋግማችሁ ከሰማችሁ፣ ቀለበት እየሠራ የሚሰፋ ሞገድም ካያችሁ፣ ዓሣው እየበላ ነውና ቦታውን አትለፉት።

አምስተኛው ከፏፏቴና ከፈጣን ውሃ በታች ያለ ኩሬ ነው። ፏፏቴ ሽቅብ ለሚጓዝ ዓሣ ግድግዳ ነው፤ ደርሶ ይቆማል። ውሃው እየተንፏፏ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀልም ኦክስጅን ይበዛዋል። ነጭ አረፋው መሃል ላይ መጣል ግን ክርን ማወዛወዝ ብቻ ነው። አረፋው አልቆ ውሃው ጠቆር ማለት የሚጀምርበትን ቦታ ያዙ።

ውሃው ሐይቅ ወይም ግድብ ከሆነ ምልክቶቹ መልካቸውን ይለውጣሉ እንጂ አይጠፉም። በድንጋይና በመታጠፊያ ፈንታ ወደ ውሃው የገባ የመሬት አፍንጫ፣ የሣር ጠርዝ፣ ወንዝ የሚገባበት አፍ፣ ነፋስ የሚያጋጨው ዳርቻ ትፈልጋላችሁ። ቆረሶ ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ዳር ይውላል፤ አምባዛ ደግሞ ጭቃማውንና ጨለማውን ይመርጣል።

መቼ?

ኢሉ አባ ቦራ ከአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናቡ ወደ መጋቢት ገደማ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለጀማሪ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ወንዙ ይጎድላል፣ ይጠራል፣ ድንጋዩና ኩሬው ይገለጣል። በእነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ተመላልሶ የወንዙን አካል ያጠና ሰው፣ በሌላ ወቅት ውሃው ሸፍኖት እንኳ ድንጋዩ የት እንዳለ ያውቃል።

በጠራ ውሃ ዓሣው ይጠነቀቃል። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና ጸጥታ ያስፈልጋል። ውሃው ትንሽ ሲደፈርስ ዓሣው ይደፍራል፤ ከዝናብ በኋላ መጥራት የጀመረ፣ የሻይ ቀለም ያለው ወንዝ ጥሩ ነው። ጭቃ የመሰለ ሙላት ሲሆን ግን ወደ ቤት መመለስ ይሻላል።

ከሰዓቶች ማለዳና አመሻሽ ይመረጣሉ፤ ደመናማ ቀንም እንዲሁ። በታኅሣሥና በጥር ግን የሌሊቱ ብርድ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው ባርበስ ማለዳ ላይ ሊሰንፍ ይችላል። ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋድ ጀምሮ ሞክሩ። አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው፤ ምግቡን በዓይኑ ሳይሆን በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ጢሞች ዳስሶና አሽትቶ ያገኛል። ስለዚህ ለሱ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን የሚሸት ነገር ይሰካለታል።

ዕቃው ቀላል ይሁን

ጀማሪ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ደረቅ ቀርከሃ፣ የናይለን ክር፣ ጥቂት መንጠቆዎች፣ ትናንሽ የእርሳስ ክብደቶችና የቡሽ ቁራጭ ይበቃሉ። ለባርበስ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር፣ ለአምባዛ ደግሞ ከ0.40 በላይ የሆነ ይሻላል። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እያነሰ እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ ለባርበስ 6 ወይም 8 ቁጥር፣ ለአምባዛ 2 ቁጥር ለመጀመሪያ ይሆናል። እርሳሱን ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ትሉ እንዳይከብድና ውሃው እንደ ልቡ እንዲያንቀሳቅሰው።

ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው ከቋጠሮ ነው። አንዱን ቋጠሮ በደንብ ተማሩ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ውስጥ አሳልፉ። ጫፉን ይዛችሁ በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙት። ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ ትንሽ ቀለበት ታያላችሁ፤ ጫፉን በዚያች ቀለበት ውስጥ መልሳችሁ አስገቡ። አሁን ቋጠሮውን በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ናይለን ደረቁን ሲጠብቅ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግልና ይዳከማል፤ ያችን ጥቂት እርጥበት የሚፈልገው ለዚህ ነው። ቋጠሮው ከጠበቀ በኋላ መንጠቆውን በጥንቃቄ ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጎትቱት። የሚበጠስ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይበጠስ።

ምግቡን ከዚያው ከወንዙ ዳር ፈልጉ። የምድር ትል፣ ፌንጣ፣ ከድንጋይ ሥር የሚለቀም የውሃ ነፍሳት እጭ፣ ዝናብ ሲጥል የሚበርረው ምስጥ፤ ዓሣው ዕለት ዕለት የሚያውቀው ይህን ነው። የበቆሎ ፍሬና ጠንከር ያለ ሊጥም ይሠራል። የመንጠቆው ጫፍ በጥቂቱ መውጣት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ዓሣው በልቶ ይሄዳል።

አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ሞክራችሁ ምንም ካልነካ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ትዕግሥት ማለት አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል አይደለም፤ ምልክት ካለበት ወደ ምልክት ካለበት በእርጋታ መሄድ ነው። ሁልጊዜም ከታች ወደ ላይ ተጓዙ። ዓሣ ፊቱን ወደ ፈሳሹ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው የሚመጣውን ሰው ቶሎ አያይም።

ሲነክስ

ባርበስ መጀመሪያ ይቀማምሳል። ቡሹ ጥቂት ንቅንቅ ሲል አትቸኩሉ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ወይም መስመጥ ሲጀምር ቀርከሃውን ከፍ አድርጉ። በጉልበት መንጨት ከንፈሩን ይቀደዋል። ክሩ ሳይላላ፣ ከድንጋይና ከሥር እያራቃችሁ ወደ ጸጥተኛው ዳር ምሩት። አምባዛን ስትይዙ ከጎን ክንፎቹ ፊት ያሉትን ሹል እሾሆች ተጠንቀቁ፤ ከእሾሆቹ በስተኋላ፣ ከጭንቅላቱ በታች አጥብቃችሁ ያዙት።

ለምግብ የያዛችሁትን ዓሣ ወዲያውኑ ገድላችሁ ሆዱንና ስንጥቡን አውጡ፣ እጠቡ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አድርጉ። ዓሣ ከሥጋ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ትንሹን ደግሞ እጃችሁን አርጥባችሁ ይዛችሁ ወደ ውሃው መልሱት፤ ደረቅ እጅ ገላውን ከበሽታ የሚጠብቅለትን ልጋግ ይገፈዋል።

ራስን መጠበቅ

የወንዙን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። ያዮ ስትደርሱ “አካም ጅርቱ” ብላችሁ ሰላምታ ስጡና ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ወንዙን የት ይሻገራሉ? ሙላቱ በየት ይመጣል? ልጆች የት ያጠምዳሉ? ከብት የሚያጠጣ እረኛ ስለ አንድ ኩሬ የሚነግራችሁ ነገር የአንድ ቀን ድካም ያተርፍላችኋል።

ፀሐይ ባለችበት ቀን እንኳ ላይ ዘንቦ ሙላት ሊደርስ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ከበዛበት፣ ድምፁም ከተለወጠ ቶሎ ወደ ከፍታ ውጡ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ፈጣን ወንዞች ዳር የሚራባው ጥቁር ዝንብ በቀን ይነክሳል፤ ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን፣ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳ በሽታም ያስተላልፋል። እጅጌው ረጅም ልብስና ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ የጤና ባለሙያዎች በአካባቢው የሚያድሉትን የአይቨርሜክቲን ክኒንም አትለፉ። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ደግሞ የሚወደው ሣር ያለበትን የቆመ ውሃ ነውና በእንዲህ ዓይነት ቦታ በባዶ እግር አትግቡ። ከተቦረቦረ ዳር ሥር እጅ ሰዶ ዓሣ መፈለግም አይገባም፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ወደ ጋምቤላ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ አዞና ጉማሬ ስላለ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ያለ አካባቢው ሰው ምክርም አትሂዱ።

የነገው ዓሣ

ማጥመድን የሚማር ሰው መጠበቅንም አብሮ መማር አለበት። በዚህ አካባቢ ለቡና ጥላ ከሚሆኑት ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን እንደሚያሰክር ከጥንት ይታወቃል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣው ሴሎች ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ ዓሣው በውሃ መሃል ታፍኖ ይሞታል። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚበላውን የውሃ ነፍሳትም ስለሚጨርስ ኩሬው ለረጅም ጊዜ ባዶ ይሆናል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። ፈቃድንና የአካባቢውን ደንብ በተመለከተ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

በዝናብ ወራት ባርበስ እንቁላሉን ለመጣል ንጹሕ ጠጠር ወዳለባቸው ፈጣን ጅረቶች ይወጣል። ያኔ በአንድ ጠባብ ቦታ ስለሚሰበሰብ መያዙ ይቀላል፤ ጉዳቱ ግን ከሌላው ጊዜ ይከፋል። አንዲት እንቁላል የያዘች እናት መልቀቅ ለሚመጡት ዓመታት ማሰብ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና ሲፈለፈል ገለባውና ጣፋጩ እጣቢ ጅረት ውስጥ ከገባ፣ ስኳሩን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ይሸሻል ወይም ይሞታል። በዚያ ወቅት ከመፈልፈያ ጣቢያ በታች አታጥምዱ። የመፈልፈያ ሥራ ያላችሁ ደግሞ እጣቢውን በጉድጓድ አቁሩት፤ ከጣቢያው በታች ከዚያው ጅረት ውሃ የሚቀዳ ሰው አለ።

ለመጀመሪያ ቀናችሁ ዓሣ መያዝን ግብ አታድርጉ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ውረዱ፤ የወንዙን አንድ ቁራጭ፣ ከመታጠፊያ እስከ መታጠፊያ፣ ሳሉ። ድንጋዮቹን፣ ያዘነበሉትን ዛፎች፣ ቅጠሉ ያመነታባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ቀኑን፣ የውሃውን ቀለም፣ የተጠቀማችሁበትን ምግብና ዓሣው የነካበትን ቦታ ጻፉ። ውሎ ሲያድር ዓሣው በየትኛው ቀለም ውሃ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ድንጋይ ኋላ እንደሚነክስ ከደብተሩ ታነባላችሁ፤ ሌላ ወንዝ ስትሄዱም የምትጀምሩት ከባዶ አይሆንም።